ስለ ኢትዮጵያ ፓርላማ፣ መንግሥትና ሕግ አወጣጥ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥያቄዎቹ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ተደርድረዋል፤ በቅንፍ የተቀመጡት ቁጥሮች የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጾች ናቸው።

ፓርላማዊ ሥርዓት ስንል ምን ማለታችን ነው?

መንግሥት የሚወለደው ከምክር ቤት ነው፤ ዕድሜውም በምክር ቤት እጅ ነው ማለታችን ነው። ሕዝብ በየምርጫ ክልሉ ተወካዩን ይመርጣል፤ አብላጫ መቀመጫ ያገኘው ፓርቲ ወይም ጣምራ ፓርቲዎች መንግሥት ይመሠርታሉ (56)፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩም ከምክር ቤቱ አባላት መካከል ይመረጣል (73)። ሕገ መንግሥቱ ጉዳዩን በአንዲት አጭር አንቀጽ ጨርሶታል፦ ሥርዓቱ ፓርላማዊ ነው (45)።

አሜሪካ ካሉ ዘመዶቻችን ጋር ስለ ፖለቲካ ስናወራ ብዙ ጊዜ የማንግባባው እዚህ ላይ ነው። እዚያ ሕዝብ ለፕሬዝዳንቱ ለብቻ፣ ለኮንግረሱ ለብቻ ይመርጣል። ኮንግረሱ የፕሬዝዳንቱን ፖሊሲ ስለጠላ ብቻ ከሥልጣን ሊያነሳው አይችልም። በፓርላማዊ ሥርዓት ግን የመንግሥት መሪ በየዕለቱ የሚቆመው በምክር ቤቱ አመኔታ ላይ ነው።

ጠቅላይ ሚኒስትሩን ለምን በቀጥታ አንመርጠውም?

በምርጫ ቀን የሚሰጠን ወረቀት ላይ የሰፈሩት በምርጫ ክልላችን የሚወዳደሩ ዕጩዎች ናቸው። የጠቅላይ ሚኒስትሩን ስም በወረቀቱ ላይ የሚያገኘው እርሱ በሚወዳደርበት የምርጫ ክልል ያለ መራጭ ብቻ ነው። እኛ ተወካይ እንልካለን፤ ተወካዮቹ መሪ ይመርጣሉ። የተወካዮች ምክር ቤት አባላት ከ550 ሊበልጡ አይችሉም፤ ከእነዚህም ቢያንስ 20 መቀመጫ ቁጥራቸው አነስተኛ ለሆነ ብሔረሰቦች ይጠበቃል (54)። አገሪቱ የተከፋፈለችው በ547 የምርጫ ክልሎች ነው።

በየምርጫ ክልሉ የሚያሸንፈው ከተወዳዳሪዎቹ ሁሉ የላቀ ድምፅ ያገኘው ነው፤ ከግማሽ በላይ ማግኘት አይጠበቅበትም። የዚህን ውጤት በ2007 ዓ.ም. አይተነዋል። የያኔው ገዥ ግንባር ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም መቀመጫ ወሰዱ። ለሌላ ፓርቲ ድምፁን የሰጠ ዜጋ ሁሉ በዚያ አዳራሽ ውስጥ አንድም አፍ አልነበረውም። እኔ ይህን የሥርዓቱ ትልቁ ሕመም አድርጌ አየዋለሁ፤ ምክንያቱም ከዚህ በታች የሚዘረዘሩት የምክር ቤቱ ሥልጣኖች ሁሉ የሚሠሩት የሚጠይቅ ሰው ካለ ነው።

የፕሬዝዳንቱ ሥራ ታዲያ ምንድን ነው? ሕግ አልፈርምም ማለትስ ይችላል?

ፕሬዝዳንቱ ርእሰ ብሔር ነው (69)። የሁለቱን ምክር ቤቶች፣ የተወካዮችንና የፌዴሬሽንን፣ የዓመት ሥራ ይከፍታል፣ አምባሳደሮችን በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት ይሾማል፣ ይቅርታ ያደርጋል (71)። የሚመረጠው በሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ነው። የሥራ ዘመኑ ስድስት ዓመት ሲሆን ከሁለት ጊዜ በላይ ሊመረጥ አይችልም (70)። ጥቅምት 15 ቀን 2011 ዓ.ም. ሳህለወርቅ ዘውዴ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዝዳንት ሲሆኑ፣ መስከረም 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ታዬ አጽቀሥላሴ ሲተኳቸው የተሄደው በዚሁ መንገድ ነው።

ፊርማውን በተመለከተ፣ ምክር ቤቱ ያጸደቀው ሕግ ለፕሬዝዳንቱ ይቀርባል፤ በ15 ቀን ውስጥ ካልተፈረመ ያለ ፊርማው ሥራ ላይ ይውላል (57)። ስለዚህ ሕግ የመሻር ሥልጣን የለውም፤ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ቢያስቀምጠው ሁለት ሳምንት ያህል ያዘገየው እንደሆነ ነው።

ሁለት ምክር ቤት ለምን አስፈለገ? የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሕግ ያወጣል?

አያወጣም። ብዙ ሰው በሌሎች አገሮች እንደሚታየው “ላይኛው ምክር ቤት” የታችኛውን ሕግ የሚመረምር ይመስለዋል፤ የእኛው ግን እንደዚያ አልተቀረጸም። የፌዴራል ሕግ የሚያወጣው የተወካዮች ምክር ቤት ብቻ ነው። የፌዴሬሽን ምክር ቤት የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ተወካዮች መቀመጫ ነው፤ እያንዳንዱ ብሔር ወይም ብሔረሰብ ቢያንስ አንድ፣ ከዚያም ለእያንዳንዱ አንድ ሚሊዮን ሕዝብ አንድ ተጨማሪ ወኪል ይኖረዋል (61)። ሕገ መንግሥቱን ይተረጉማል፣ በክልሎች መካከል የሚነሳን አለመግባባት ይፈታል፣ ክልሎች ከፌዴራል መንግሥት የሚያገኙት ድጎማ የሚከፋፈልበትን ቀመር ይወስናል (62)።

አንድ ሕግ ከሐሳብ ተነስቶ እስኪታወጅ በየት በየት ያልፋል?

በተግባር አብዛኛው ረቂቅ የሚነሳው ከአስፈጻሚው ነው። ጉዳዩ የሚመለከተው ሚኒስቴር ያዘጋጀዋል፤ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ተወያይቶበት ወደ ተወካዮች ምክር ቤት ይልከዋል። እዚያ በመጀመሪያው ንባብ ይዘቱ ይተዋወቅና ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ ይመራል። ኮሚቴው ከመረመረው በኋላ ሪፖርቱንና የውሳኔ ሐሳቡን ይዞ ይመለሳል፤ ምክር ቤቱ ይከራከርበታል፤ አፈ ጉባኤው የሚደግፉ፣ የሚቃወሙ፣ ድምፀ ተአቅቦ የሚያደርጉ እጃቸውን እንዲያወጡ በየተራ ይጠይቃል። ምልአተ ጉባኤ የሚባለው ከግማሽ በላይ አባላት ሲገኙ ነው (58)፤ ሕገ መንግሥቱ የተለየ ቁጥር ካልጠየቀ በቀር ውሳኔ በአብላጫ ድምፅ ያልፋል (59)።

ለዜጋ ዋናው በር ቋሚ ኮሚቴው ነው። ረቂቁ ኮሚቴው እጅ ሳለ ባለጉዳዮችና ባለሙያዎች የሚጠሩበት የውይይት መድረክ ይዘጋጃል፤ በጽሑፍም አስተያየት መላክ ይቻላል። አንድ አንቀጽ ሲቀየር የሚታየው እዚህ ነው። በአዳራሹ ውስጥ ድምፅ ሊሰጥ ሰዓታት ሲቀሩት የሚነሳ ጩኸት ግን ጊዜው አልፎበታል። ማኅበር ያላችሁ ነጋዴዎች፣ መምህራን፣ አካል ጉዳተኞች፣ ሠራተኞች፣ ረቂቅ ተመራ የሚል ዜና ስትሰሙ በዚያው ሳምንት ኮሚቴውን ፈልጉ።

የመጨረሻው እርምጃ መታወጅ ነው። ሕጉ በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ይወጣል። ስያሜው ራሱ ታሪክ አለው፦ የንጉሥ አዋጅ በነጋሪት ጉሰማ ይሰማ ነበር፤ ጋዜጣው በ1934 ዓ.ም. መታተም ሲጀምር የከበሮውን ስም ወረሰ። ሰው ያልሰማው ሕግ ሊገዛው አይገባም የሚለው ሐሳብ በስሙ ውስጥ ተቀምጧል።

አዋጅ፣ ደንብና መመሪያ ምን ይለያቸዋል?

አዋጅ የሚያወጣው የተወካዮች ምክር ቤት ነው። ደንብ የሚያወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው፤ ያውም የተወካዮች ምክር ቤት በአዋጅ በሰጠው ሥልጣን ልክ (77)። መመሪያ ደግሞ አንድ ሚኒስቴር ወይም ተቋም በአዋጅ ወይም በደንብ በተሰጠው ውክልና የሚያወጣው ዝርዝር ነው። የታችኛው ከላይኛው ጋር ከተጋጨ የታችኛው ይወድቃል፤ ሁሉም ከሕገ መንግሥቱ በታች ናቸው (9)።

የዕለት ኑሯችን ላይ ክንዱ የሚበረታው ግን ታናሹ፣ መመሪያው ነው። አንድ ጊዜ አንዲት አረጋዊት ጎረቤቴን ይዤ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። መስኮቱ ጋር የተቀመጠው ሠራተኛ ማመልከቻዋን ገና ሳይጨርሰው “መመሪያው አይፈቅድም” አለ። መመሪያውን ላየው እችላለሁ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። መሳቢያውን ከፍቶ ጠርዙ የተቀረደደ አንድ ገጽ ወረቀት አወጣ። ቁጥር የለውም፣ ቀን የለውም፤ ከግርጌው የደበዘዘ ማኅተም ብቻ ይታያል። እማማ ግን ለሦስት ወር ያህል በዚያች ወረቀት ምክንያት ተመላልሰው ነበር።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የመጣው ለዚህ ዓይነቱ በደል ነው። የፌዴራል ተቋም መመሪያ ከማውጣቱ በፊት ረቂቁን ለሕዝብ አስተያየት ማቅረብ አለበት፤ ከወጣም በኋላ ተመዝግቦ ሰው ሊያገኘው በሚችል መንገድ ይፋ መሆን አለበት። ያልተመዘገበ መመሪያ ተፈጻሚ አይሆንም። መመሪያው ወይም በመመሪያው የተሰጠው ውሳኔ ሕግን የጣሰ ከሆነም በፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት እንዲከለስ መጠየቅ ይቻላል። ስለዚህ “መመሪያው አይፈቅድም” የሚል መልስ የሰማ ሰው በትሕትና ቁጥሩን፣ ያወጣውን ተቋምና የተመዘገበበትን ቀን ይጠይቅ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበል።

የምክር ቤት ተወካዬን አላውቀውም። ባውቀውስ ምን ያደርግልኛል?

የመሥሪያ ቤትን ውሳኔ አይለውጥልዎትም፤ ዳኛንም ማዘዝ አይችልም። ማድረግ የሚችለው መጠየቅ ነው፣ መጠየቅም ቀላል አይደለም። ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅ፣ የአስፈጻሚውን አሠራር የመመርመር ሥልጣን አለው (55)። በጀት የሚያጸድቀውም እርሱ ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ያልታሰበለት የገጠር መንገድ በዚያ ዓመት እንዳይቀር ከሰኔ በፊት መነሳት አለበት። የሰብአዊ መብት ኮሚሽንና የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋምም ተጠሪነታቸው ለምክር ቤቱ ነው፤ የአስተዳደር በደል የደረሰበት ሰው እንባ ጠባቂውን በቀጥታ ማነጋገር ይችላል።

ምክር ቤቱ የሚሠራው ከመስከረም ወር የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ሲሆን፣ በመካከሉ የአንድ ወር ዕረፍት አለው (58)። አባላት ወደ ምርጫ ክልላቸው ወርደው መራጩን የሚያነጋግሩት ብዙውን ጊዜ በዕረፍቱ ወቅት ነው። መራጩ አመኔታ ያጣበትን አባል ከሥራ ዘመኑ በፊት ማንሳትም መብቱ ነው (12፣ 54)።

አንድ አባል ከፓርቲው ተለይቶ ድምፅ መስጠት ይችላል?

በሕጉ፣ አዎን። አባላት የመላው ሕዝብ ተወካዮች ናቸው፤ ተገዥነታቸውም ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናቸው ብቻ ነው። በምክር ቤቱ ውስጥ በሰጠው ድምፅ ወይም አስተያየት ምክንያት ማንም አባል አይከሰስም፤ ከባድ ወንጀል ሲፈጽም እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ በቀርም ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ አይያዝም (54)።

ይህ ጥበቃ ከፖሊስና ከፍርድ ቤት ያድናል፤ ከፓርቲ ሥነ ሥርዓት ግን አያድንም። ለሚቀጥለው ምርጫ ዕጩ የሚያደርገው ፓርቲው ነውና አባሉ እጁን ሲያወጣ ያንን ያስባል። በብሪታንያም ሆነ በሌሎች ፓርላማዎች ይህ ጫና አለ። ልዩነቱ ተቃዋሚው በርከት ብሎ ከፊት ለፊት ሲቀመጥ ነው፤ ያኔ የገዥው ፓርቲ አባልም በመራጩ ፊት የሚያሳፍረውን ነገር ለመደገፍ ሁለት ጊዜ ያስባል።

ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ማውረድ ይችላል? ቢሞት ወይም ቢለቅስ?

ጠቅላይ ሚኒስትሩና የሚኒስትሮች ምክር ቤት ተጠሪነታቸው ለተወካዮች ምክር ቤት ነው (72)። የምክር ቤቱ አባላት አንድ ሦስተኛ ከጠየቁ ማንኛውም የአስፈጻሚው ሥልጣን ጉዳይ ለውይይት ይቀርባል፤ ምክር ቤቱም ተወያይቶ አስፈላጊ መስሎ የታየውን ውሳኔ ወይም እርምጃ ሊወስድ ይችላል (55)። ይህም እምነት መንፈግን ይጨምራል ብዬ አነበዋለሁ። ለጠቅላይ ሚኒስትሩ የዘመን ገደብ አልተቀመጠም፤ ዘመኑ የምክር ቤቱ የሥራ ዘመን ነው፣ ፓርቲው ካሸነፈና ከመረጠው ደግሞ ይቀጥላል።

በተግባር የመጡት ሁለት ለውጦች ከምክር ቤቱ አዳራሽ የተነሱ አይደሉም። መለስ ዜናዊ ነሐሴ 14 ቀን 2004 ዓ.ም. ሲያርፉ ምክትላቸው ኃይለማርያም ደሳለኝ ተክተው ሲሠሩ ቆዩና መስከረም 11 ቀን 2005 ዓ.ም. በምክር ቤቱ ቃለ መሐላ ፈጸሙ። አንቀጽ 75 ምክትሉ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በማይኖርበት ጊዜ ተክቶ እንደሚሠራ ይናገራል እንጂ ሞትን በስም አይጠራም፤ በዚያ ወር የነበረው ጭንቀት አንድም ከዚህ ነው። ኃይለማርያም የካቲት 8 ቀን 2010 ዓ.ም. መልቀቂያ ሲያቀርቡም መጀመሪያ የኢሕአዴግ ምክር ቤት ዐቢይ አሕመድን በሊቀ መንበርነት መረጠ፤ መጋቢት 24 ቀን ደግሞ የተወካዮች ምክር ቤት ጠቅላይ ሚኒስትር አድርጎ ሰየማቸው።

ምክር ቤቱ አምስት ዓመቱን ሳይጨርስ ሊበተን ይችላል?

ይችላል፤ ሁለት መንገድ አለ (60)። አንደኛው፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ አዲስ ምርጫ እንዲደረግ በምክር ቤቱ ፈቃድ ሲያስበትነው ነው። ሁለተኛው፣ በጣምራ የተያዘ መንግሥት ጣምራነቱ ፈርሶ አብላጫውን ሲያጣ ነው። ያን ጊዜ ፕሬዝዳንቱ ፓርቲዎች በአንድ ሳምንት ውስጥ ሌላ ጣምራ መንግሥት እንዲመሠርቱ ይጋብዛል፤ ካልቻሉ ምክር ቤቱ ይበተናል። ምርጫው በስድስት ወር ውስጥ መካሄድ አለበት። እስከዚያው የቆየው መንግሥት የዕለት ሥራ ያከናውናል እንጂ አዲስ አዋጅ ማውጣት ወይም የነበረውን መሻር አይችልም።

እኛ ዘንድ ይህ አንቀጽ ሥራ ላይ ውሎ አያውቅም። እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን ግን ጠንቅቀው ያውቁታል፦ 120 መቀመጫ ባለው ክኔሴት ማንም ፓርቲ ብቻውን አብላጫ አያገኝምና እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2022 ድረስ አምስት ጊዜ ለምርጫ ወጥተዋል።

የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅን ማን ያጸድቃል? “ሁለት ሦስተኛ” የሚባለው የማን ሁለት ሦስተኛ ነው?

የሚደነግገው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው። የተወካዮች ምክር ቤት ሥራ ላይ ካለ በ48 ሰዓት፣ ካልሆነ በ15 ቀን ውስጥ ቀርቦለት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ መጽደቅ አለበት፤ ካልጸደቀ ወዲያው ይሻራል። ዕድሜው እስከ ስድስት ወር ነው፤ በየአራት ወሩ ሊታደስ ይችላል። አፈጻጸሙን የሚከታተል ሰባት አባላት ያሉት መርማሪ ቦርድም ይቋቋማል። በአስቸኳይ ጊዜም እንኳ ኢሰብአዊ አያያዝ የተከለከለ ነው፤ የእኩልነት መብትም አይነካም (93)።

ሁለት ሦስተኛው የሚቆጠረው ከምክር ቤቱ አባላት ነው፤ በዕለቱ ከተገኙት አይደለም። ይህ የቃላት ጨዋታ የሚመስለው የካቲት 23 ቀን 2010 ዓ.ም. የሆነውን ያስታውስ። የድጋፍ ድምፁ መጀመሪያ 346 ተብሎ ተነገረ። ይህ ቁጥር ሁለት ሦስተኛ አይሞላም የሚል ጥያቄ ሲበረታ፣ በኋላ 395 ነው ተብሎ ታረመ። በቁጥሮቹ መካከል ያለው 49 ድምፅ አዋጁ የሚጸናበትና የሚወድቅበት ልዩነት ነበር። የእያንዳንዱ አባል ድምፅ በስም ተመዝግቦ ለሕዝብ ይገለጥ የምለው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው።

ሕግ ወይም ውሳኔ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ቢጋጭ ፍርድ ቤት ይሽረዋል?

በእኛ አገር ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉመው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው (83)። ጥያቄው መጀመሪያ 11 አባላት ላሉት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ይቀርባል። ጉባኤው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዝዳንትና ምክትሉ፣ ስድስት የሕግ ባለሙያዎች፣ ሦስት የፌዴሬሽን ምክር ቤት ተወካዮች ያሉበት ነው (82)። ትርጉም ያስፈልገዋል ካለ ሐሳቡን ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ያቀርባል፤ አያስፈልገውም ካለ ይመልሰዋል፤ ባለጉዳዩ ቅር ከተሰኘ ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ይግባኝ ማለት ይችላል (84)።

አዲስ አበባ ውስጥ ባለ የአንድ ቤት ውርስ ምክንያት የተነሳው ጉዳይ መንገዱን ያሳያል። ተከሳሾቹ ጉዳያችን በሸሪዓ ፍርድ ቤት አይታይብን ቢሉም ክርክሩ በሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ቀጠለ፣ ተፈረደባቸውም፤ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሰበር ችሎትም አጸናው። በመጨረሻ በ1996 ዓ.ም. የፌዴሬሽን ምክር ቤት ውሳኔውን ውድቅ አደረገ። ምክንያቱም አንቀጽ 34 በሃይማኖት ሕግ መዳኘት በተከራካሪዎቹ ፈቃድ እንደሚሆን ይናገራል። ያ ውሳኔ ትክክል ነበር። ሆኖም ዳኝነቱ ፖለቲከኞች ለተቀመጡበት ምክር ቤት መሰጠቱ ያሳስበኛል፤ ክሱ በመንግሥት ላይ በሆነ ጊዜ ከሳሹ የሚቆመው መንግሥትን በመሠረተው ፓርቲ አባላት ፊት ነውና።

የምክር ቤቱ ዘመን አብቅቶ ምርጫ ሳይደረግ ቢቀርስ?

ሕገ መንግሥቱ ምርጫው የምክር ቤቱ ዘመን ከማብቃቱ አንድ ወር በፊት ይጠናቀቃል ይላል (58)፤ ካልሆነ ምን እንደሚሆን ግን ዝም ብሏል። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ምርጫው ሲራዘም ይህ ዝምታ አፍጥጦ መጣ። ምክር ቤቱን መበተን፣ የአስቸኳይ ጊዜ ማወጅ፣ ሕገ መንግሥቱን ማሻሻል ወይም ማስተርጎም የሚሉ አራት አማራጮች ቀረቡ፤ የተመረጠው መጨረሻው ነው። አጣሪ ጉባኤው የሕግ ምሁራንን በቴሌቪዥን በተላለፈ መድረክ አዳመጠ። የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሰኔ 3 ቀን ምርጫው ወረርሽኙ ስጋት መሆኑ ባበቃ ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ወር ውስጥ እንዲደረግ፣ እስከዚያ ነባሮቹ ምክር ቤቶች እንዲቀጥሉ ወሰነ። ትግራይ ክልል ውሳኔውን ሳይቀበል ጳጉሜን 4 ቀን የራሱን ምርጫ አካሄደ፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤትም ያንን ምርጫ አስቀድሞ ውድቅ አድርጎት ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን፤ ብዙዎቻችን ዛሬም በሐዘን ላይ ነን። ያ ክፍተት እስኪደፈን ድረስ ጥያቄው ተመልሶ ሊመጣ ይችላል።

እንዲህ ያለውን ክፍተት ለመድፈን ሕገ መንግሥቱን ማሻሻል ምን ያህል ከባድ ነው?

ሁለት ደጃፍ አለው (105)። ስለ መሠረታዊ መብቶች የሚናገረውን ምዕራፍ ሦስትና ስለ ማሻሻል የሚናገሩትን አንቀጽ 104ንና 105ን ለመለወጥ የክልል ምክር ቤቶች በሙሉ በአብላጫ ድምፅ፣ ሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶች ደግሞ እያንዳንዳቸው በሁለት ሦስተኛ መስማማት አለባቸው። አንድ ክልል እምቢ ካለ ሁሉም ነገር ይቆማል። የሌሎቹ አንቀጾች መንገድ ትንሽ ሰፋ ይላል፦ ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው በሁለት ሦስተኛ፣ ከክልሎችም ሁለት ሦስተኛው በየምክር ቤታቸው በአብላጫ ሲደግፉ ይሻሻላል። የምርጫ ጊዜን የሚመለከተው አንቀጽ 58 ያለው በዚህ በሁለተኛው ውስጥ ነው።

የአማርኛውና የእንግሊዝኛው ቅጂ ቢለያዩ የቱ ይጸናል?

አማርኛው። ለሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 106፣ ለሌሎች የፌዴራል ሕጎች ደግሞ የነጋሪት ጋዜጣን ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 3/1987 እንዲህ ይላሉ። ውጭ አገር ሆናችሁ ስለ ውርስ፣ ስለ ቤት ወይም ስለ ኢንቨስትመንት ሕግ በእንግሊዝኛ ቅጂ ብቻ ተማምናችሁ ውል የምትፈርሙ ሁሉ፣ ከመፈረማችሁ በፊት በነጋሪት ጋዜጣው ገጽ ላይ ጎን ለጎን የታተመውን አማርኛ አንብቡ።